ስንት ጊዜ ማንሣት ይገባናል?

በትምህርት ቤታችን የዕረፍት ደወል ከተደወለ በኋላ ከኳስ ወሬ ቀጥሎ ብዙ ክርክር የሚያስነሣው ነገር ክብደት የማንሣት ጉዳይ ሆኗል። አንዱ «ጉልበት የሚገኘው በ5 ነው» ይላል። ሌላው «ጡንቻ የሚያድገው ከ8 እስከ 12 ባለው ብቻ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ትንፋሽ መጨረስ ነው» ብሎ ይመልስለታል። ሦስተኛው ደግሞ ከስልኩ አንድ ሠንጠረዥ አውጥቶ ሁለቱንም ሊረታ ይሞክራል። ክርክሩ በዚህ ቢቆም ባልከፋ ነበር። ነገር ግን ብዙውን ጊዜ የሚያበቃው «እስቲ አንዴ አንሣትና እንይህ!» በመባባልና ከባዱን ብረት ያለ አንዳች ዝግጅት ከመሬት በመንጠቅ ነው። ስለዚህ ነገር የሚሰማኝን ለጓደኞቼ፥ ለመምህራኖቻችንና ለወላጆቻችን በዚህ መጽሔት ለመግለጽ እወዳለሁ።

አስቀድሞ ቃላቱን እንለይ። ክብደቱን አንድ ጊዜ አንሥቶ ወደ ቦታው መመለስ አንድ ድግግሞሽ ይባላል። ሳያርፉ በተከታታይ የተሠሩት ድግግሞሾች ደግሞ ባንድነት አንድ ዙር ይሆናሉ። ስለዚህ «3 ዙር በ10» ማለት 10 ጊዜ አንሥቶ ማረፍ፥ እንደገና 10 ጊዜ አንሥቶ ማረፍ፥ ለሦስተኛም ጊዜ እንዲሁ ማድረግ ነው። የእኔ አሳብ ባጭሩ ይህ ነው። ቁጥሩን መምረጥ ያለበት ዓላማችንና በእጃችን ያለው ዕቃ ነው እንጂ ሠንጠረዡ አይደለም። አብዛኞቻችን ያለን አንድ ክብደት ብቻ ስለ ሆነ፥ ክብደቱ ሊጨምር ባይችል ቁጥሩን ከፍ ማድረጋችን የሚያሳፍር ነገር የለበትም። የአንድ ጊዜ ማንሣት ውድድር ግን ከግቢያችን ሊወጣ ይገባዋል።

ይህ «3 በ10» የሚባለው ልማድ ከየት እንደ መጣ የሚጠይቅ ሰው እምብዛም አላጋጠመኝም። ታሪኩ የሚጀምረው ከስፖርት አዳራሽ ሳይሆን ከሆስፒታል ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቺካጎ ከተማ ውስጥ በሚገኘው የጋርዲነር የጦር ሠራዊት ሆስፒታል እግራቸው የቆሰለና ጭናቸው የመነመነ ብዙ ወታደሮች ይታከሙ ነበር። በዚያን ዘመን ለእንዲህ ዐይነቱ በሽተኛ የሚታዘዘው ቀላል እንቅስቃሴን ደጋግሞ መሥራት ነበር። ዶክቶር ቶማስ ዴሎርም የተባሉት ወጣት ሐኪም ግን ራሳቸው በወጣትነታቸው ክብደት ያነሡ ስለ ነበረ፥ «የደከመን ጡንቻ የሚያበረታው ከባድ ነገር ነው» ብለው አሰቡ። በ1945 (ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኋቸው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ባሳተሙት ጽሑፍ በአንድ ቀን ከ70 እስከ 100 ድግግሞሽ በዐሥር በዐሥር ተከፍሎ እንዲሠራ መከሩ። በ1948 ግን ከዶክቶር ዋትኪንስ ጋር ሆነው ያ መጠን ከሚያስፈልገው በላይ መሆኑን በመግለጽ ወደ 3 ዙር ዝቅ አደረጉት። የመጀመሪያው ዙር በሽተኛው 10 ጊዜ ብቻ ሊያነሣው ከሚችለው ክብደት በግማሹ፥ ሁለተኛው በሦስት አራተኛው፥ ሦስተኛው በሙሉው የሚሠራ ነበር። እንግዲህ ዛሬ «ሦስቱንም ዙር በአንድ ክብደት ካልሠራህ አይቆጠርም» እያሉ ጀማሪውን የሚገሥጹት ጓደኞቻችን፥ የደንቡ አባት ከሆኑት ሐኪም ይልቅ የጠነከሩ ሆነዋል ማለት ነው!

ዝቅተኛው ቁጥር ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። በ1962 ሪቻርድ በርገር የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ የኮሌጅ ተማሪዎችን በ9 ቡድን ከፍለው፥ በጀርባ ተኝቶ ብረት የመግፋትን ልምምድ ለ12 ሳምንት በሳምንት 3 ቀን አሠሯቸው። አንዳንዱ ቡድን 1 ዙር፥ አንዳንዱ 2፥ አንዳንዱም 3 ዙር ይሠራ ነበር። በያንዳንዱ ዙር የሚነሣውም 2 ጊዜ ወይም 6 ጊዜ ወይም 10 ጊዜ ነበር። በመጨረሻ አንድ ጊዜ የሚገፉት ከፍተኛ ክብደት ሲመዘን 3 ዙር በ6 የሠሩት ከሌሎቹ በልጠው ተገኙ። አምስትና ስድስት የሚሉት ጓደኞቻችን ሳያውቁት የኚህ ሰው ደቀ መዛሙርት ናቸው። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። የተመዘነው ጉልበት ነው፤ የጡንቻው ውፍረት አልነበረም።

የክርክራችን ስሕተት ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ይመስለኛል። ጉልበትና የጡንቻ ውፍረት ዘመዳሞች ናቸው፤ ግን አንድ አይደሉም። ሰው ልምምድ በጀመረ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሳምንታት የሚያነሣው ክብደት ቶሎ ቶሎ ይጨምራል፤ ክንዱን ቢለካው ግን ያው ነው። ሞሪታኒና ዴቭሪስ የተባሉት ተመራማሪዎች በ1979 እንዳሳዩት፥ ያ የመጀመሪያው ጭማሪ በአብዛኛው የሚመጣው ነርቭ ጡንቻን አስተባብሮ ማዘዝ በመልመዱ ነው፤ ጡንቻው ራሱ መወፈር የሚጀምረው ቆየት ብሎ ነው። ከዚህ የተነሣ ጉልበት ከፊሉ ችሎታ ነው ለማለት ይቻላል። ችሎታ ደግሞ የሚገኘው ነገሩን ራሱን በመለማመድ ነው። ከባድ ለማንሣት የሚፈልግ ከባድ ማንሣትን መልመድ አለበት። በኦሊምፒክ ክብደት የሚያነሣ ስፖርተኛ በያንዳንዱ የማንሣት ዐይነት 3 ሙከራ ብቻ ይፈቀድለታል፤ በያንዳንዱም ሙከራ የሚያነሣው 1 ጊዜ ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ልምምዱን በ1፥ በ2ና በ3 ድግግሞሽ ቢያዘወትር ምን ያስደንቃል?

ጡንቻን ማሳደግ ግን እንዲህ መራጭ አይደለም። በካናዳ አገር በማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ተደርጎ በ2012 የታተመ ጥናት 18 ወጣት ወንዶችን ለ10 ሳምንት የጭን ልምምድ አሠርቷል። አንዳንዱ እግር አንድ ጊዜ ብቻ ሊያነሣ ከሚችለው ክብደት በ80 በመቶው ሲሠራ፥ አንዳንዱ ደግሞ በ30 በመቶው ብቻ ሠራ። ሁለቱም ግን «ከእንግዲህ አልችልም» እስከሚባልበት ድረስ ነበር። እያንዳንዳቸው 3 ዙር የሠሩት ሲነጻጸሩ የጡንቻው ዕድገት ተመጣጣኝ ሆኖ ተገኘ፤ በከባዱ የሠሩት ግን በከፍተኛ ክብደት ማንሣት በልጠዋል። በ2015 አሜሪካዊው ብራድ ሾንፌልድና ባልደረቦቻቸው ከ8 እስከ 12 የሚያነሡትን ከ25 እስከ 35 ከሚያነሡት ጋር ሲያወዳድሩ ያገኙት ይህንኑ የመሰለ ነው። ጡንቻው በሁለቱም አደገ፤ ቁጢጥ ብሎ በመነሣት ጉልበት ግን በከባዱ የሠሩት እጅግ በለጡ።

ለምን እንዲህ ይሆናል? ጡንቻ ብዙ ክሮች ያሉት ገመድ ነው ብለን እናስብ። ነርቭ ክሮቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ አይጠራቸውም፤ በመጀመሪያ ትንንሾቹን፥ ሥራው ሲከብድ ትልልቆቹን ይጠራል። ከባድ ክብደት ከመጀመሪያው ድግግሞሽ ጀምሮ ትልልቆቹን ያስነሣቸዋል። ቀላል ክብደት ደግሞ ትንንሾቹ እየደከሙ ሲሄዱ በመጨረሻ ትልልቆቹ እንዲጠሩ ያስገድዳል። ስለዚህ 25 ጊዜ ከሚነሣው ቀላል ክብደት ዋናው ጥቅም ያለው በመጨረሻዎቹ ጥቂቶች ላይ ነው። 25 ማንሣት የሚችል ሰው 15 ላይ «ጨረስሁ» ብሎ ቢተው፥ ላብ አልቦታል እንጂ ለጡንቻው ብዙ አልሠራለትም። ቀላል መሆንም ወሰን አለው፤ በ2018 በታተመ ጥናት ክብደቱ ወደ 20 በመቶ ሲወርድ ዕድገቱ ማነሱ ታይቷል።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ከእኛ መካከል በወር ከፍሎ ጂም የሚገባ ጥቂት ነው። የሌላው ብረት በሲሚንቶ የተሞላ ሁለት የቀለም ጣሳና በመካከሉ የገባ የውሃ ቧንቧ ነው። ሲሚንቶው ከአሸዋና ከጠጠር ጋር ተቦክቶ ሲደርቅ በሊትር 2.4 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን፥ ሁለት ባለ 4 ሊትር ጣሳ 19 ኪሎ ያህል ይሆናል፤ ከነቧንቧው ከ20 ኪሎ ትንሽ ያልፋል። ይህ ክብደት ከራስ በላይ ለመግፋት ለጀማሪ ይበቃዋል። በመስከረም 8 ጊዜ የገፋው ልጅ ከተጋ በጥር 15 ወይም 18 ሊገፋው ይችላል። በዚህ ጊዜ ሠንጠረዡ «ከጡንቻ ክልል ወጥተሃል» ይለዋል፤ ጓደኞቹም «ይህማ ለአንተ ጨዋታ ነው፤ ሌላ ጣሳ ጨምርበት» ይሉታል። ከዚያ ወይ ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል፥ ወይ በአንድ ጊዜ 10 ኪሎ ይጨምርና ወገቡን ያጎብጣል። ሁለቱንም የሚያደርገው በማይገባ ምክንያት ነው። 18 ጊዜ ሲገፋ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስቱ እውነተኛ ትግል ከሆኑበት፥ ክንዱና ትከሻው ከ8ቱ ቀን ባልተናነሰ ሁኔታ እየሠሩ ነው።

ጥቂት ጥቂት መጨመር የሚፈልግ ደግሞ በየቤቱ አንድ መሣሪያ አለው፤ ይኸውም ቢጫው ጄሪካን ነው። ውሃ በሊትር 1 ኪሎ ይመዝናል። ባለ 20 ሊትሩን በ8 ሊትር ጀምሮ፥ በየሳምንቱ አንድ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውሃ ቢጨምሩበት እንደዚህ በጥንቃቄ የሚጨምር ብረት በብዙ ጂም አይገኝም። እንዲህ ሲሆን ሙሉ ለመሆን 24 ሳምንት፥ ማለት የትምህርቱን ዓመት ግማሽ የሚያህል ጊዜ ይፈጃል። በእጅ አንጠልጥሎ ወደ ጎን መሳብ፥ በደረት አቅፎ ቁጢጥ ብሎ መነሣት ይቻላል። (ክዳኑን አጥብቆ መዝጋት ነው፤ አለዚያ እናት ወለሉን ታስወለውላለች።) በጥንት ዘመን ሚሎን የተባለው የክሮቶን ከተማ ትግለኛ አንድ ጥጃ በየቀኑ እየተሸከመ፥ ጥጃው አድጎ በሬ ሲሆን በሬውን ተሸከመ ተብሎ ይተረካል። ተረቱ ተረት ነው፤ ጄሪካኑ ግን ከጥጃው ይሻላል፤ የሚጨምረው እኛ በፈለግነው መጠን ነውና።

ምንም ዕቃ የሌለውስ? ፑሽ አፕ አለለት። 30 ሲሞላለት እግሩን በርጩማ ላይ አድርጎ ቢሠራው ቁጥሩ መልሶ ይወርድለታል። ቁጢጥ ብሎ መነሣት ሲቀለው ግድግዳ ይዞ በአንድ እግር ይሞክረው። ከ30 በላይ መቁጠር ክልክል ሆኖ አይደለም፤ ጊዜ ስለሚፈጅና ማቃጠሉ ከጥቅሙ በፊት ስለሚያስተወን ነው።

በዚህ ላይ ስለ ጊዜ አንድ ነገር ልጨምር፤ ለፈተና የሚያጠና ተማሪ ጊዜው ብዙ አይደለምና። በ2014 የታተመ አንድ ጥናት ልምድ ያላቸውን ወንዶች ከሁለት ከፍሎ፥ አንዱን ክፍል 7 ዙር በ3፥ ሌላውን 3 ዙር በ10 ለ8 ሳምንት አሠርቶ ነበር። የክንዳቸው ጡንቻ በእኩል አደገ፤ በከባዱ የሠሩት በጉልበት በለጡ። ነገር ግን ከባዱን የሠሩት ለአንድ ቀን ልምምድ ከአንድ ሰዓት በላይ ሲፈጅባቸው፥ ሌሎቹ ከ20 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይጨርሱ ነበር። እኔ በበኩሌ ለተማሪ የሚሻለው ከ8 እስከ 20 ያለው ነው እላለሁ። ከ8 በታች ክብደቱ በልኩ ሲገኝና መምህር አጠገብ ቆሞ ሲያይ ይሁን።

የዙሩ ነገር ከድግግሞሹ ይልቅ ሊያሳስበን የሚገባ ሆኖ ሳለ ማንም አይከራከርበትም። በ2017 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ያመዛዘነ ጽሑፍ እንዳመለከተው፥ ለአንድ ጡንቻ በሳምንት ከ5 ዙር በታች ከሚሠራ ከ5 እስከ 9 የሚሠራ፥ ከዚህም 10ና ከዚያ በላይ የሚሠራ የበለጠ ዕድገት ያገኛል። ሰኞ፥ ረቡዕና ዓርብ 3 ዙር የሠራ 9 ዙር ሆነለት ማለት ነው። ለጀማሪ ከዚህም ያነሰ ይበቃዋል። በአንድ ቅዳሜ 12 ዙር ሠርቶ እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ደረቱን እያሻሸ የሚሰነብተው ግን ያተረፈው ሕመም ነው። በዙርና በዙር መካከልም 2 ወይም 3 ደቂቃ ማረፍ ስንፍና አይደለም።

ወላጆቻችን ብዙ ጊዜ «ብረት ማንሣት ቁመትህን ያሳጥረዋል» ይሉናል። ይህን የሚሉት ከፍቅር መሆኑን እናውቃለን፤ ፍርሃቱም ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም፤ በማደግ ላይ ያለ ልጅ አጥንቱ የሚያድግበት ጫፍ ገና ስላልጠነከረ በአደጋ ሊጎዳ ይችላል። ነገር ግን የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2020 ባወጣው ጽሑፍ እንደ ገለጸው፥ በትክክል የታቀደና ዐዋቂ የሚቆጣጠረው የክብደት ልምምድ የልጅን ዕድገት አይገታም። የዓለም ጤና ድርጅትም በዚያው ዓመት ባወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉት ልጆች፥ ለወንዶችም ለሴቶችም፥ ጡንቻንና አጥንትን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ቢያንስ በሳምንት 3 ቀን እንዲኖራቸው ይመክራል። እኅቶቻችን ከዚህ ጉዳይ ተለይተው የሚቀመጡበት ምክንያት ለእኔ አይታየኝም። ወላጆች የሚከለክሉ ከሆነ የሚከለክለውን ለይተው ይከልክሉ፤ እርሱም የአንድ ጊዜ ማንሣት ውድድር ነው።

በውድድሩ ላይ እንዲህ አጥብቄ የምጽፈው ሦስት ነገሮችን ስላየሁበት ነው። መጀመሪያ፥ ሰው እያየው የሚያነሣ ልጅ ብረቱን ከመጣል ይልቅ ወገቡን ማጎበጥ ይመርጣል። ሁለተኛ፥ በጓሮ የተሠራ ቧንቧ ጣሳው እንዳይንሸራተት የሚይዝለት ነገር የለውም፤ በአንድ ወገን የከበደ እንደ ሆነም የሚያውቀው የለም። ሦስተኛውና ለእኔ የሚብሰው፥ ውድድሩ ማን እንደ ሠራ ሳይሆን ማን ቀድሞ እንዳደገ የሚያሳይ መሆኑ ነው። በ9ኛ ክፍል ጢም ያበቀለውና ገና ድምፁ ያልጎረነነው አንድ ብረት ፊት ቆመው ሲወዳደሩ፥ ሁለተኛው ልጅ ተሸንፎ ብቻ አይመለስም፤ «እኔ ለዚህ ነገር አልተፈጠርሁም» ብሎ ይመለሳል። ከዚያ ወዲያ በልምምዱ ሰዓት ጫማውን ረስቶ የሚመጣው እርሱ ነው።

መወዳደርን የሚወድ ካለ ሌላ መንገድ አለ። በጥቅምት ወር እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ክብደት ይመረጥለትና፥ ወገቡን አቅንቶ በትክክል ስንት ጊዜ እንደሚያነሣው መምህሩ ቆጥረው ይመዝግቡለት። በየካቲት ያንኑ ክብደት እንደገና ያንሣ። 6 የነበረው 13 ካደረሰ 7 ጨመረ ማለት ነው፤ 14 የነበረው 16 ካደረሰ 2 ጨመረ። ከፍ ካለ ቁጥር የተነሣ መጨመር ይበልጥ ይከብደዋል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። እውነት ነው፤ ስለዚህ ተቀራራቢ ቁጥር ያላቸውን እርስ በርሳቸው ማወዳደር ይቻላል። በዚህ ዐይነት ጉልበቱ መጨመሩን ለማወቅ ማንም የማይችለውን ክብደት መንጠቅ አያስፈልገውም።

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው አንድ መዝገብ፥ ስድስት ጄሪካንና በሳምንት አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ ግማሽ ሰዓት ነው። የሰውነት ማጎልመሻ መምህራኖቻችን ፈቃዳቸው ቢሆን በሚመጣው ዓመት ከጥቅምት መጀመሪያ ሳምንት ጀምሮ ሊሞከር ይችላል። መዝገቡን ለማስመር እኔ ዝግጁ ነኝ፤ ከጄሪካኖቹም ሁለቱን ከወዲሁ አግኝተናል፤ አንደኛው ክዳን የለውም።